ልጄ በሁለት ሰዓት ትተኛለች

«ጋሼ፣ ልጅዎ ዛሬም ተኛች» አለችኝ የልጄ መምህር፣ የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆማ። በእጇ የልጄን ደብተር ይዛለች። ገልጣ አሳየችኝ። ልጄ «መ»ን ደጋግማ ስትጽፍ ቆይታ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ፊደሉ ወደ ታች ተንሸራቶ ረጅም ጭረት ሆኗል። ጭረቱ ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥቶ ጠፍቷል። እርሳሱን እንደያዘች ነው እንቅልፍ የወሰዳት።

በዚያ ሳምንት ይህ ለሦስተኛ ጊዜ ነበር። እኔና መምህሯ ባልደረቦች ነን። እኔ ለሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ እሷ የአንደኛ ክፍል ትንንሾችን ይዛለች። በዕድሜ ስለምበልጣት አንቱ ትለኛለች። አንቱታው ግን ጥያቄዋን አላለዘበውም። «ለመሆኑ በስንት ሰዓት ነው የምትተኛው?»

ደሜ ፈላ። በሐረር ውስጥ ይህ ጥያቄ ሊቀርብለት የማይገባ አንድ አባት ቢኖር እኔ ነበርኩ።

«ልጄ በሁለት ሰዓት ትተኛለች» አልኳት። «ከሁለት ሰዓት አንድ ደቂቃ አታሳልፍም። አንቺ ሌላ ምክንያት ፈልጊ።»

ይህን ያልኩት ለመዋሸት አልነበረም። ከልቤ አምኜበት ነበር።

እኔ የተወለድኩት ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ ነው። ቅድመ አያቶቼ ከሸዋ መጥተው እዚያ ከሰፈሩት ክርስቲያኖች ናቸው። ከግንቡ ውስጥ ለመኖር የገባሁት ከትዳር በኋላ ነው። ፈላና በር ከሚባለው የግንቡ መግቢያ አጠገብ፣ የአንዲት ሐረሪ እናት ጊቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየን። እማማ እንላቸዋለን። ከልጆቻቸው ጋር በራሳቸው ቋንቋ፣ ከኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። ሳይስቁ የሚውሉበት ቀን የለም፤ ከሰላምታ አልፈው የሰው ጉዳይ ውስጥ ግን አይገቡም። ባለቤቴ አዲሱ ከተማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የማታ ተረኛ ስለሆነች ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቤት አትገባም። ስለዚህ ልጅ ማስተኛት የኔ ሥራ ሆነ።

ትምህርት ከመጀመሯ በፊት ልጄ እናቷን ሳታይ አትተኛም ነበር። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ስትገባ ይህ ነገር እንዲያበቃ ቆረጥኩ። አስተማሪ አይደለሁ? ፕሮግራም አወጣሁ። በማስመሪያ አስምሬ፣ በሁለት ቀለም ጽፌ፣ ከአልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። አሥራ ሁለት ተኩል እራት፣ አንድ ሰዓት የቤት ሥራ፣ አንድ ተኩል መታጠብ፣ ሁለት ሰዓት መተኛት። ከ«መተኛት» ሥር ሁለቴ አሰመርኩበት።

ልጄ ፕሮግራሙን አንብባ ማስፈጸም ስለማትችል ማስፈጸሙም ለኔ ቀረ። መብራት ባጠፋሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ውኃ ይጠማታል። ውኃው ሲጠጣ ሽንት ይመጣል። ከሽንት ስንመለስ አንድ ጥያቄ አላት። ጥያቄው ሲመለስ ሌላ ይወልዳል። ጉንዳን ይተኛል ወይ? እማዬ አሁን ምን እየሠራች ነው? ባጃጅ ሌሊት የት ነው የሚያድረው?

ባጃጁማ ይደር ቢባል መች ያድራል! በራችን በኩል፣ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲቀለብ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን የሚያመላልሱት ባጃጆች ልክ እኔ ልጅ ማስተኛት ስጀምር ይጀምራሉ። አንዱ ከቤታችን ፊት ለፊት ቆሞ ሙዚቃውን ከፍቶ ደንበኛ ሲጠብቅ ወጥቼ ተቆጣሁት። «አቦ መምህር፣ መንገድ እኮ ነው!» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። መንገድ መሆኑን የማላውቅ መስሎታል። ገብቼ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። የጎረቤትን ቴሌቪዥን ለማስቀነስ ሁለት ጊዜ፣ በር በኃይል መዝጋት ለማስተው ሦስት ጊዜ ለምኛለሁ። የመጨረሻው ልመናዬ ልመና አይመስልም ነበር። ጊቢው ውስጥ ስሜ መጥፋት ጀመረ። ቢጠፋም ግድ የለኝም፤ ልጄ ትተኛ ብቻ።

ቁጢው የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ቁጢ የቡና ቅጠል ነው። የደረቀውን ቅጠል ምጣድ ላይ ነካ ነካ ያደርጉትና፣ አፍልተው፣ ወተትና ትንሽ ጨው ይጨምሩበታል። እኔ ባደግኩበት ቤት ቡና ማለት ፍሬው ነው፤ ቅጠሉን ማንም ቁም ነገር ብሎ አያነሣውም። አንድ ማታ ከባጃጅ ጠብ ስመለስ እማማ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ሲጠጡ ደረስኩና አንድ ሲኒ ቀዱልኝ። ሞቅ ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ወተት ወተት የሚል ነገር። ሆዴ ረጋ። ይኸማ ለልጄ ነው የተፈጠረው አልኩ በልቤ።

«እማማ፣ ለልጅቷም ትንሽ ይሰጡኛል?»

«ለልጅቷ?» አሉ። ትንሽ አዩኝ።

«አዎ፣ ለማታ ነው። ማታ ማታ እንድትጠጣ።»

«እሺ የኔ ልጅ፣ ምን ከፋኝ» ብለው ቀዱ። ሌላ አልጠየቁኝም፤ እኔም ሌላ አልነገርኳቸውም። ለባለቤቴ «እማማ ማታ ማታ ወተት ይሰጧታል» አልኳት፤ አመስግናቸው አለችኝ። ከዚያ ጀምሮ በየማታው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብርጭቆዬን ይዤ እማማ በር ላይ እቆማለሁ። ልጄ ወደደችው። ጥርግ አድርጋ ጠጥታ ብርጭቆውን ትልሳለች።

እንቅልፉ ግን አልመጣም። እንዲያውም ጥያቄው በዛ። ከጉንዳን ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ጨረቃ ተሸጋገርን። አንድ ማታ የሰባተኛ ክፍል ፈተና ስልሳ ወረቀት ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ፣ ለአራተኛ ጊዜ «አባዬ» ስትል ትዕግሥቴ ተሟጠጠ። በሩን በርግጄ ገባሁና ጮህኩባት። ሰባተኛ ክፍል ላይ የምጮኸውን ጩኸት ነው የጮህኩባት። «ዓይንሽን ጨፍኚ! ሁለተኛ ተከፍቶ እንዳላየው!»

ሁለተኛ ተከፍቶ አላየሁትም።

በማግስቱ ማታ ቁጢዋን ጠጣች፤ ተጋደመች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጸጥ አለች። በሩን ገርበብ አድርጌ አየኋት። ደረቷ በዝግታ ከፍ ዝቅ ይላል። በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን እንደዚያው። ለባለቤቴ ደወልኩላት። «በሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ! ድርግም!» አልኳት። ያን ማታ የፈተና ወረቀቴን እያፏጨሁ አረምኩ።

ባለቤቴ አንድ ቀን ብቻ የሆነ ነገር ብላኝ ነበር። «ስገባ ስስማት አንገቴን እቅፍ ታደርገኛለች።»

«በእንቅልፍ ልቧ ነው» አልኳት። እሷም ደክሟት ነበር፤ ተወችው።

እኔ ግን አልተውኩትም፤ ድሌን ይዤ አደባባይ ወጣሁ። በወላጆች ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ስለ ልጆች እንቅልፍ ተናገርኩ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ለአሥር ሰዓት ያህል መተኛት አለበት፤ ሥርዓት ያለው ቤት ይህን ያደርጋል አልኩ። ጫት ገበያ የምትሠራ አንዲት እናት ተነሥታ፣ ከሶፊ ገጠር የሚመጣውን ጫት ተረክባ ሸጣ የምትገባው አምሽታ መሆኑን፣ ልጇም እሷን ሳታይ እንደማትተኛ ተናገረች። «የኔም እንደዚያ ነበረች። ሥርዓት አስተማርኳት» አልኩ። ሴትዮዋ ተቀመጠች። ከኋላ የሆነ ሰው አጨበጨበልኝ፤ ጭብጨባውን መውደዴን ዛሬም አልረሳውም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ነው የልጄ መምህር ደብተሩን ይዛ በር ላይ የቆመችው። ከዚያ በኋላም መምጣቷን አላቆመችም። ልጅቱ ጠረጴዛ ላይ ትተኛለች። በእረፍት ሰዓት ከጓደኞቿ ጋር አትጫወትም፤ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች። ስትነቃ ደግሞ በትንሽ ነገር ታለቅሳለች። የግማሽ ዓመቱ ውጤት ሲመጣ መምህሯ ለብቻዬ ጠርታኝ ቁርጡን ነገረችኝ። «ጋሼ፣ ፊደሉን አልያዘችውም። በዚህ ከቀጠለች አንደኛ ክፍልን ትደግማለች።»

የአስተማሪ ልጅ አንደኛ ክፍል ስትደግም! ያውም በአባቷ ትምህርት ቤት! የተናደድኩት ግን ለስሜ ብቻ አልነበረም። ልጄ ጅል አይደለችም። ዓሣ ሲተኛ ዓይኑን ይከድናል ወይ ብላ የምትጠይቅ ልጅ እንዴት «መ»ን መያዝ ያቅታታል? ጓደኞቿ ሁለተኛ ክፍል ገብተው እሷ ከታናናሾቿ ጋር ስትቀመጥ ታየኝ። ንዴቴን ፊት ለፊቴ ባገኘሁት ሰው ላይ አወጣሁት።

«ቤቷ በደንብ ተኝታ አድራ ክፍልሽ ውስጥ የምትተኛ ከሆነ፣ የሚያስተኛው ትምህርትሽ ነው» አልኳት።

ፊቷ ቀላ። «ሌሎቹ ሃምሳ ሁለቱ አይተኙም» አለችኝና ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ በማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ጥግ መቀመጥ ጀመረች።

ልጄን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጤና መኮንኑ ትዕግሥተኛ ወጣት ነው፤ የዓይኗን ሥር ገልብጦ አየ፣ ደሟን አስመረመረ፣ ሆዷን ነካካ። ምንም የለም። «ትተኛለች?» «በሁለት ሰዓት።» «ታንኮራፋለች?» «ድምጿም አይሰማ።» «ቡና ትጠጣለች?» ይህን ሲለኝ ሳቅኩበት። «የኛ ቤት ለልጅ ቡና አይሰጥም! ማታ ወተት ነው የምትጠጣው።» ጎበዝ አለኝና ቫይታሚን ጻፈልን።

በሽታ ከሌለባት እንግዲያው ስንፍና ነው ማለት ነው አልኩ። ይህን ቃል ፊት ለፊቷ ተናግሬዋለሁ። የመኝታ ሰዓቷን ከሁለት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል አወረድኩት፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰርዤ በቀይ ጻፍኩበት። ቁጢውንም ወደ አንድ ሰዓት አስቀድሜ ከአንድ ብርጭቆ ሁለት አደረግኩት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጨዋታ ከለከልኩ፤ የሚደክማት ጨዋታው ይሆናል ብዬ። ባለቤቴ በእረፍት ቀኗ ይህን አይታ ተቆጣችኝ። «አቦ፣ ልጅ ናት እኮ! ወታደር አደረግካት!» አለችኝ። ታዲያ አንቺ አስተኛታለሽ ወይ አልኳት። ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ የማታ ተረኛነቷን ወዳ እንዳልያዘችው አውቃለሁ። ለሁለት ቀን ተኮራረፍን። ልጃችን በመካከላችን ዓይኗ ሥር ጠቁሮ፣ እንደ ትልቅ ሰው እያዛጋች ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ሳያት ያናድደኛል፤ ያሳዝነኛል፤ ማሳዘኗም መልሶ ያናድደኛል።

እንዲህ ስንሆን ረመዳን ገባ።

በረመዳን የጊቢው ማታ ይለወጣል። ካፈጠሩ በኋላ ሁሉም ይወጣል፤ ሳምቡሳ በየሳህኑ ወደየቤቱ ይዞራል፤ ለኛም ይደርሰናል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እንደ ልማዴ ሁለቱን ብርጭቆ ይዤ ስሄድ እማማ ነጭ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ቁጢ ፊታቸው አስቀምጠው ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። በረመዳን ማታ ማታ ወደሚሰገደው ተራዊህ ሰላት ሊሄዱ ነው። «ና ተቀመጥ፣ ረመዳን ነው፣ አንተም ጠጣ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ሦስቱም አከታትለው ሲጠጡ አይቼ ገረመኝ። «እማማ፣ ይህን ሁሉ ጠጥተው ሊሰግዱ? እንቅልፍ አያዳፋዎትም?»

ተሳሳቁ። «እንቅልፍ?» አሉ እማማ። «እንቅልፍ እንዳይመጣ አይደል እንዴ የምንጠጣው! ተራዊህ ረጅም ነው የኔ ልጅ። ቁጢ ባይኖር ወላሂ ሱጁድ ላይ በግንባራችን እንደተደፋን እንቀር ነበር። ሌሊት የዚክር ውዳሴ ሲኖርም ይኸው ነው የሚያነቃን።»

ብርጭቆዎቹን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ለመደመር ጊዜ አልወሰደብኝም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት። በየማታው። ከጥር ወዲህ ደግሞ ሁለት ሁለት ብርጭቆ።

«ታዲያ… ለልጄ ለምን ይሰጧት ነበር?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«አንተ ለማታ አላልከኝም?»

«እንድትተኛ እኮ ነው!»

እማማ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ያ ረቢ! እንድትተኛ?» አሉ። «እኔማ የምታስጠናት መስሎኝ! አስተማሪ ነህ፤ ልጅህን ማታ ቁጭ አድርገህ ታስተምራታለህ ብዬ። ለልጅ ልጆቼም ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ የመምህሩን ልጅ እዩ፣ እንዴት እንደምትበረታ እያልኩ። ብርጭቆው ሁለት ሲሆን ደግሞ ይህች ሕፃን መሞቷ ነው ብዬ፣ ሁለተኛው ላይ ወተቱን አብዝቼ ቅጠሉን ቀነስኩላት። አዝኜላት እኮ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም እማማ?»

«ምን ብዬ? አባቷ ነህ። የተማርክ ነህ። እኔ የልጅህን ጥናት ልከለክል?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አስታግፊሩላህ… እኔም አልጠየቅኩህ።»

መቆጣት ፈልጌ ነበር። ወራት ሙሉ የተቆጣሁት ቁጣ ሁሉ ዝግጁ ነበር፤ የሚያርፍበት ሰው ግን አጣሁለት። ባጃጁ አይደለም፤ ቴሌቪዥኑ አይደለም፤ መምህሯ አይደለችም። እኚህ ሴትዮማ የጠየቅኳቸውን ነው የሰጡኝ። እዚህ ከተማ ተወልጄ፣ አድጌ፣ ወልጄ፣ ከግንቡ ወዲህ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ ልጄን አጠጣሁ። ባዶ ብርጭቆዎቹን ይዤ ተመለስኩ።

በማግስቱ መምህሯ ወደምትቀመጥበት ጥግ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ መሳቋን ተወችና፣ «በዚያ ሁሉ ቁጢ ላይ ፊደል ሳስቆጥራት ነበር» አለች። ይቅርታ ጠየቅኳት። «ገና አራት ወር አለን፤ እንሞክር» አለችኝ። ሰው እንዳይጨነቅ ከወዲሁ ልናገር፤ ልጄ ሰኔ ላይ አለፈች። በጭንቅ ነው፣ ግን አለፈች።

ቁጢውን ያቆምን ሰሞን ሦስት ቀን ራሷን አመማት፤ ተነጫነጨች። አልጮህኩም። እያንዳንዱን ማታ አልጋዋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩ። ስትጠይቀኝ መለስኩ፤ ዝም ስትል ዝም አልኩ። በስድስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጠዋት ልቀሰቅሳት ገባሁ። አልነቃ አለች። ስሟን ጠራሁ፤ ብርድ ልብሱን ገፈፍኩ፤ እግሯን ኮረኮርኩ። አፏ ተከፍቶ፣ ትራሷ በለሃጭ ርሶ፣ አንድ እጇ ከአልጋው ውጭ ተንጠልጥሎ ነበር። እንደዚያ ሆና ስትተኛ አይቻት እንደማላውቅ ያኔ ነው የታወቀኝ። በዚያ ሁሉ ወር በሩን ገርበብ አድርጌ ያየኋት ልጅ ሁልጊዜ እጆቿን ጎኗ ላይ ሰብስባ፣ አፏን ገጥማ፣ ቀጥ ብላ ነበር የምትጋደመው።

ተሸክሜ አስቀመጥኳት። ዓይኗን ገለጠች፤ የሆነ ነገር አስታውሳ ፊቷ በራ።

«አባዬ! ማታ የምር ተኛሁ!»

«ሌላ ጊዜስ?» አልኳት፣ ጫማዋን እየፈለግኩ፣ እንዳታየኝ።

«ሌላ ጊዜማ እንዳትቆጣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

«ጨፍነሽ ምን ትሠሪ ነበር?»

«እቆጥራለሁ። አንተ እንዳስተማርከኝ፣ ከአንድ እስከ መቶ። ሲያልቅ እንደገና ከአንድ።»

«ስንት መቶ ትቆጥሪ ነበር?»

አሰበች። የሒሳብ ጥያቄ የጠየቅኳት መስሏት፣ መልሱን ባለማወቋ እንዳልቆጣት ፈርታ ቀና ብላ አየችኝ።

«እሱን አላውቅም» አለች። «ከመቶ በላይ ገና አላስተማርከኝም።»

ያን ቀን ሁለታችንም ትምህርት ቤት የገባነው አርፍደን ነው።